ለመስቀሉ ተሸካሚ ይፈለጋል

ወንጌላዊው ማርቆስ ስለ ቀሬናው ስምዖን ሲጽፍ አንድ ትንሽ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል፦ ሰውየው ከገጠር እየመጣ ነበር። ወደ ጎልጎታ የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም፤ በራሱ መንገድ ሲያልፍ ያዙትና መስቀሉን አሸከሙት። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ፣ እንደ እሱ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ማድቤት ሽንኩርት የምትከትፍ ልጅ ናት። ዐቢይ ጾም ሲገባ የብዙዎቻችን መስቀል ከትከሻችን ወርዶ እሷ ላይ ያርፋል።

ማጋነን ከመሰላችሁ አንድ የጾም ቀን አብረን እንዋል። እትዬ ይጾማሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም፤ ይህንንም የሚያውቁት እግዜርና የንስሐ አባታቸው ብቻ ሳይሆኑ ስልካቸው ላይ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ነው። የጠዋት ቡና ስለቀረባቸው ራሳቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ በሩ ቀስ ተብሎ ይዘጋ፣ ልጆቹ አይንጫጩ፣ ሬዲዮኑ ይቀነስ። “መቼም ጾም ነው፣ ቀለል ያለ ነገር ሥሪልኝ” ይሏታል። ቀለል ያለው ነገር ቀይ ምስሩ፣ አልጫው፣ ሹሮው፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና የሱፍ ፍትፍቱ ነው። አዚፋው ማታውኑ ተሠርቶ አድሯል፤ ስልጆውም ሲብላላ ሰንብቷል። በፍስኩ አንድ ጥብስ በግማሽ ሰዓት ደርሶ ቤቱ ያርፍ ነበር። ራስን መካድ ግን ስድስት ድስት ይፈልጋል።

ልጅቷም ጾመኛ ናት፤ የጠየቃት የለም እንጂ። ጨው መቅመስ ስለማትችል የጎረቤት ሕፃን ይጠራና ከጭልፋው ጫፍ ይልስላታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እትዬ ማዕዱን አስባርከው ይቀመጣሉ፤ “ተመስገን፣ የዛሬውስ ከበደኝ” ይላሉ። እሷ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በረካውን ቀድታ፣ ዕቃውን አጥባ እህል የምትቀምሰው አመሻሹ ላይ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ በሰዓት ስለማይጾም እትዬ ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ የልጅቷ ቅዳሜና እሑድ ግን እንግዳ ይበዛበታል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ላይ የዘመኑን ጾመኞች ሲወቅስ፣ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ክስ አስገብቷል። ሰውየው ያን ጊዜ የኛን ማድቤት በምን በኩል እንዳየው እንጃ።

እትዬን ብቻ ላሳጣ አልተነሣሁም። ጋሼም በበኩላቸው የሚያሸክሙት አያጡም። በጾሙ ቅዳሴው ቀትር ላይ ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ፣ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልደረሰ የሚያገኘው ኮት የተንጠለጠለበት ወንበር ነው። “የሉም፣ ቅዳሴ ናቸው።” ባለጉዳዩ ከክፍለ ሀገር አድሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምሳም አልበላም፤ የሚያድርበትም የለው። ግን ምን ይበል? በቅዳሴ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ዘመናዊው ስምዖን ከጥንቱ የሚከፋበት እዚህ ላይ ነው፤ ቅሬታው ራሱ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርበታል። ቅዳሴ ያልሄዱት አለቃ ደግሞ ቢሮ አሉ፤ መኖራቸው የሚታወቀው በጩኸታቸው ነው። ጸሐፊዋ በር ላይ ቆማ “ዛሬ ባይነኳቸው ይሻላል፣ ጾመኛ ናቸው” እያለች ታስጠነቅቃለች። ጌታ የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ተቀብቶ እንዲውል ማዘዙን ሳይሰሙት የቀሩ አይመስለኝም። ፊታቸውንማ ታጥበዋል።

ፕሮቴስታንት ወገኖቼ ይህን ሲያነቡ ፈገግ ሳይሉ አይቀርም። ይቆዩኝ። የአዳር ጸሎት አለ፤ እንቅልፍን ለጌታ መሠዋት። መልካም ነው። ድምፅ ማጉያው ግን አፉን የሚያዞረው ወደ ሰፈሩ ነው፣ እንቅልፉን ለመሠዋት ማንም ፈቃዱን ወዳልጠየቀው ሕዝብ። አጥቢያ ላይ ከጸሎተኞቹ ገሚሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲያሸልብ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው አራስ ዓይኗ እንደፈጠጠ ይነጋል። መሥዋዕቱ ደርሷል፤ የማን እንደሆነ ብቻ ነው የተሳሳተው። ኦርቶዶክሱም በድምፅ ማጉያ ነገር የሚታማ እንጂ የሚያማ አይደለምና እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን እኩል ነው።

ሉቃስ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ኪሣራውን ይቆጥራል የሚል ምሳሌ ጽፎልናል። እኛ ዘንድ ቆጠራው ማይክ ፊት ነው። ለሕንፃው ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንዱ ይነሣና 50 ሺህ ብር ቃል ይገባል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ይጠራል። ቤት ሲገባ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ወሩ አልፎታል። ማርቆስ የጻፈለት ስምዖን የሁለት ልጆች አባት ነበር፤ እዚህ ግን ተሸካሚው ልጁ ነው።

ራሱ የተሸከመ ሰው አጥተን አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ ፋሺስት ኢጣልያን እንዲባርኩ፣ አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከሀገር የመውጣት ዕድል ተከፍቶላቸው ሳለ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ሁለቱም ሒሳቡን ቆጥረዋል፤ ደረሰኙ በሌላ ሰው ስም አልተቆረጠም። ዛሬ የአቡኑን ስም በብዛት የሚጠራው የታክሲ ረዳት ነው፤ “ጴጥሮስ ወራጅ አለ?” ይላል። እኛም ሐውልቱን ቀና ብለን ሳናይ መልሳችንን ቆጥረን እንወርዳለን።

ለሌላ ሰው የማይተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በስቅለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ስግደቱ አልቆ ጥብጠባው ላይ ሲደረስ፣ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባን ቸብ ቸብ አድርገው ለተናዘዘው ተጨማሪ ስግደት ያዝዛሉ። ያን ጊዜ ክርክር ይጀመራል። “አባ፣ ጉልበቴን ያመኛል።” “አባ፣ ሃምሳ ይበዛል፣ ጠዋት የሰገድኩት አይታሰብልኝም?” በአትክልት ተራ እንኳ እንዲህ ያለ የዋጋ ክርክር አይሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ስግደት ለሠራተኛ አይታዘዝም። ጉልበቱ የራስ ሲሆን ሁሉም ሰው ሒሳብ ያውቃል።

እንግዲህ ለእትዬም፣ ለጋሼም፣ ለራሴም ቤት አንድ ልመና አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕድ ሲቀርብ ያቺ ልጅ አብራ ትቀመጥ፤ ድስቱም ከስድስት ወደ ሁለት ይውረድ፤ ቡናውን አንድ ቀን ሌላ ሰው ያፍላ። ያልተከፈላት ደመወዝ ካለም ከሆሳዕና በፊት ስጧት። የፋሲካውን ዶሮ 12 ቦታ የምትበልተው እሷ ናት።