ይድረስ ለብሪቲሽ ሙዚየም የባለአደራዎች ቦርድ፦ ስለ አንድ ያልተሠራ ፊልም



ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው «ናይት አት ዘ ሙዚየም» በ2014 ሦስተኛ ክፍሉን ይዞ እናንተው ቤት ድረስ መምጣቱን አትረሱትም። (ዓመቶቹን በእናንተው አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የእኛ ካላንደር እንኳ እዚሁ ይቅር።) በእነዚህ ፊልሞች ሌሊት ሌሊት ነፍስ የሚዘራው ዕቃ ብዙ ነው፤ ከአገሩ ማን እንዳነሳው ግን እምብዛም አይነገርም። ሦስተኛው ክፍል በ1938 ግብፅ ውስጥ መቃብር ሲከፈት ቢያሳይም ቶሎ ብሎ ወደ ቀልዱ ይመለሳል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሆነውን የሚተርክ ሙሉ ፊልም እንዲሠራ፣ ታሪኩንም እናንተው እንድትሰጡ በትሕትና አመለክታለሁ። ደራሲ መቅጠር አያስፈልግም፤ መዝገባችሁ ይበቃል።

ቦታው መቅደላ፣ ጊዜው ሚያዝያ 1868 ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠዋል፤ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን በርብሯል። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ይደርሳል፤ ሆሊውድ ለዚህ ትዕይንት ስንት ባፈሰሰ! ሜዳው ላይ ጨረታ ይከፈታል፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ይከፋፈላል። ከተጫራቾቹ መካከል የእናንተው የብራና ክፍል ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ አለ፤ «አርኪዮሎጂስት» ተብሎ ከጦሩ ጋር የዘመተ፣ አካፋ ሳያነሳ 350 ያህል ብራና የሰበሰበ ሰው። በፊልሙ ዘበኛው ላሪ ዴሊ ዕቃው እንዳይወጣ ሲሯሯጥ ያድራል፤ በዚህኛው ግን ሙዚየሙ ራሱ ገበያ ወጥቷል።

«ለልጆች አይሆንም» ትሉ ይሆናል። የቤተሰብ ፊልም ልጅ ይፈልጋል፤ ልጅ ደግሞ አለ። ልዑል ዓለማየሁ ያኔ 7 ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ እሱም እንግሊዝ ተወስዶ በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። በ2023 አጽሙ ይመለስ ሲባል ቤተ መንግሥቱ የሌሎች ሟቾች ዕረፍት ይረበሻል ብሎ አልፈቀደም። የልጁ ዕረፍት ከመቅደላ ጀምሮ መረበሹ በመልሱ ውስጥ አልገባም።

«ዋናዎቹ ባለታሪኮች ካሜራ ፊት አይቀርቡም» ካላችሁ ግን እውነታችሁን ነው። እናንተ ዘንድ ያሉት 11 ታቦታት ተሸፍነው ዝግ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ካህናት በቀር የራሳችሁ ሠራተኛ እንኳ አያያቸውም። ስለ አክብሮቱ እናመሰግናለን። ነገር ግን ሕዝብ የማያየው፣ ተመራማሪ የማያጠናው ነገር ለሙዚየም ምኑ ነው? «ሕጉ አሰረን» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን። ይኸው የ1963ቱ ሕግ ግን ለስብስቡ የማይሆንን ዕቃ፣ ተማሪዎችን እስካልጎዳ ድረስ፣ ማስወጣትን ይፈቅዳል። ማንም ተማሪ አይቶት የማያውቅ ታቦት ቢመለስ የሚጎዳው የትኛው ተማሪ ነው? ሌላው የአገራችሁ ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት፣ በ2018 የመቅደላን ዕቃ በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ ብሎን ነበር። ባለቤቱ ንብረቱን ሲዋስ የሚታይበት ፊልም ደግሞ ኮሜዲ ነውና ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ኤድንብራ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘውን ታቦት በ2002 መልሷል፤ ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን ጸጉር በ2019 አስረክቧል። የፊልሙን መጨረሻ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ከእነሱ ጠይቁ፤ ከዚያም ታቦታቱ የሚሸኙበትን ቀን ቆርጣችሁ አሳውቁን።