ይድረስ ለክቡር አቶ ሕዝብ

ይድረስ በየሸክላውና በየካሴቱ ልባስ ላይ «ዜማ፦ ሕዝብ» እየተባለ ስማቸው ለሚጻፍ፣ መልካቸውን ግን ያየ ለሌለ፣ ለክቡር አቶ ሕዝብ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በደቡብ ሱዳኗ በጁባ ከተማ፣ ከሙቀቱና ሌሊቱን ሙሉ ከማያስተኛው የጀኔሬተር ጩኸት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አንድ ሰው በዕድሜው ዘመን ሃምሳ ዜማ ደርሶ ቢያልፍ ሊቅ ተብሎ ይመሰገናል፤ እርስዎ ግን ከሠርግ ዘፈን እስከ ቀረርቶ፣ ከእንጉርጉሮ እስከ ምሽት ክበብ ጭፈራ ያለውን ሁሉ ብቻዎን ደርሰው ሳለ፣ አንድም ቀን ለቃለ መጠይቅ ሳይቀርቡ፣ አንድም ብር ሳይቀበሉ፣ በአንድም መድረክ ላይ ወጥተው እጅ ሳይነሡ እዚህ መድረስዎ የገዳም መናንያንን እንኳ የሚያስቀና ትሕትና ነው። ይሁን እንጂ ብዕር ያስነሣኝ ምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬ በዚህ ባለቀ ነበር። ክቡርነትዎ ያልደረሱትን ዜማ እንደ ደረሱ ተደርገው መጻፍዎን በዚህ ከተማ በዐይኔ ስላየሁ፣ ነገሩ በስምዎ ሲፈጸም ዝም ማለት ከወዳጅነት አይቈጠርም ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ አንዲት የአገራችን ሴት የከፈተችው ቡና ቤት አለ፤ የቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂውም የመሥሪያ ቤት ኀላፊውም እኩል በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ጀበናውን የሚጠብቁበት ቤት ነው። ከዘወትር ደንበኞቹ አንዱ፣ በሰሜንና በደቡብ ሱዳን ጦርነት ዘመን ከደቡብ ተሰደው ኻርቱም ውስጥ ብዙ ዓመት ከኖሩ በኋላ አገራቸው ነጻ ስትወጣ የተመለሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ምሽት ባለቤቲቱ ያን ሰሞን በአገር ቤት እጅግ የተወደደ ዘፈን ከፈተች፤ ዘፋኙ ገና ሁለተኛውን ቤት ሳይጀምር፣ ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ፣ ያንኑ ዜማ በዐረብኛ ግጥም ከዘፋኙ ቀድመው ያወርዱት ጀመር፤ የቫዮሊኑን መሸጋገሪያ እንኳ በአፋቸው ሲያዜሙት አንድ ቦታ አልሳቱም። እኔም በሞኝነቴ፣ «ያ ዓሚ፣ የእኛን ዘፈን ወደ ዐረብኛ የመለሰው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ፤ እንዲህ ያለውን ሳቅ የሚስቀው የራሱን ኮት በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያየ ሰው ነው። «ያ ሐበሺ፣ እኔ ይህን ዜማ ስሰማ ገና ጢም አላወጣሁም ነበር» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ የዘፈኑን መግለጫ ብመለከት፣ ግጥሙ የዘፋኙ፣ ቅንብሩ የአቀናባሪው፣ ዜማው ግን የእርስዎ ሆኖ አገኘሁት። «ሕዝብ ማን ነው?» አሉ ሽማግሌው። በዐረብኛ «ሸዓብ ማለት ነው» ብዬ ተረጐምኩላቸው። «የትኛው ሸዓብ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ እርስዎ ካለዎት ይላኩልኝ።

የአገራችን ሕግ ስለ እርስዎ ምን እንደሚል ለማወቅም ሞክሬ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሥነ ጥበብ ባለቤትነት ሲደነግግ፣ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ፣ ሁለቱም በዐይነ ሕሊናቸው ያዩት ተወልዶ የሚሞት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ያለው፣ ፍርድ ቤት ቢጠራ የሚቀርብ ደራሲ ነው። አዋጁ ለደራሲው የሚሰጠው የጥቅም መብት በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የሚጸና ነው፤ እርስዎ ግን ስለማይሞቱ 50 ዓመቱ መቼ መቈጠር እንደሚጀምር ዳኛም ጠበቃም ሊነግረኝ አልቻለም። ዘለዓለማዊ ባለመብት ሆነው ሳለ አንድ ቀን እንኳ መብትዎን አለመጠየቅዎ ነው እንግዲህ አንዳንድ ዘፋኞቻችንን በእርስዎ ስም ያስጠጋቸው፤ ከማይከስ ሰው ጥላ ሥር የተጠለለን ዝናብ አያገኘውምና።

መዋስ ኀጢአት ነው እንዳልል የታሪክ መጻሕፍት ይመሰክሩብኛል። ሱዳኖችም እኛም በአምስት ድምፅ ቅኝት የምናዜም ስለ ሆነ፣ የኻርቱም ዜማ መተማን ተሻግሮ ሲመጣ ልብሱን መለወጥ እንኳ አያስፈልገውም፤ የትዝታ ቅኝት ልጅ ነኝ ብሎ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የሱዳኑን ዘፋኝ ሰይድ ኸሊፋን አዲስ አበባ እንደ ልጇ ተቀብላዋለች፤ መሐመድ ወርዲን ቋንቋውን የማያውቁ ሰዎች ግጥሙን በቃላቸው ይዘውለታል። ይኸው ወርዲ፣ የሰሜን ኑቢያ ሰው ሆኖ፣ ከአገሩ መንግሥት ተጣልቶ በወጣ ጊዜ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በእኛ ምድር ኢታንግ ላይ ተሰብስበው ለነበሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፈነላቸው፤ በዛሬዋ ጁባ ሹማምንትና ነጋዴዎች መካከል ያን ጊዜ በኢታንግ ሣር ላይ የተቀመጡ ሕፃናት እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። አንድ ዘፋኝ በአንድ ሌሊት ሦስት አገር ሲያስታርቅ ካየን በኋላ፣ ዜማ በድንበር ላይ ፓስፖርት ይጠየቅ የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ወገን አይደለሁም። የእኔ ጥያቄ የስም ነው።

በዚህ ረገድ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ የተጠነቀቁ ነበሩ። ማኅሌታይ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግእዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ሲያቆም፣ ይህ ሁሉ ከልቤ የፈለቀ ነው ቢል ማን ይከራከረው ነበር? እርሱ ግን በትውፊቱ እንደምንሰማው ሦስቱን አዕዋፍ ጠራ፣ ዜማውንም ከሰማያውያን መላእክት እንደ ሰማ ተናገረ። የክብረ ነገሥት መዝጊያም እንዲሁ፣ መጽሐፉ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ ይዘረዝራል፤ ሊቃውንት ይህ ነገር ሙሉ በሙሉ እንደ ቃሉ መሆኑን ይጠራጠራሉ። ይታይዎ፦ የጥንቱ ጸሐፊ የራሱንም ድካም ለሌላ ሰው እስከ መስጠት ይደርስ ነበር፤ የዛሬው ዘፋኝ የሌላውን ድካም ለእርስዎ ይሰጥልናል።

አንድ የማውቀው አቀናባሪ ይህን ሁሉ ስነግረው፣ «ታዲያ ቅኔስ ቢሆን ይዘረፍ የለም?» ብሎ ሊያፍነኝ ሞከረ። እውነት ነው፣ በቅኔ ቤት «ዘረፈ» የተባለ እንደ ሆነ ትልቅ ምስጋና ነው፤ መምህሩ በጉባኤው መካከል ቆሞ ያልታሰበውን ከልቡ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ነውና። የእኛ ዘመን ሰዎች ከዚያ ከተከበረ ቃል የወሰዱት ትርጉሙን ትተው የገበያውን ፍቺ ብቻ ነው። በቅኔ ቤት ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ የሚባሉ መንገዶች አሉ፤ ተማሪው የዋሸራን መንገድ ቢከተል ማንም አይነቅፈውም፣ እንዲያውም «የዋሸራ ልጅ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ነገር ግን የባልንጀራውን ጉባኤ ቃና ቃል በቃል ይዞ ከመምህሩ ፊት የቆመ እንደ ሆነ፣ በዚያች ዕለት ደበሎውን ለብሶ የሚያድርበት ጎጆ እንኳ ይጠብበታል። መንገዱ የሁሉ ነው፣ ቅኔው የባለቤቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ መንገዶች ናቸውና፣ እነርሱን «የሕዝብ» ቢሏቸው ክቡርነትዎ በደስታ ይቀበሉ፤ በሱዳኗ ኦምዱርማን አንድ ሰው ዑዱን ታቅፎ ያለቀሰበትን ዜማ ግን እባክዎ አይቀበሉ። በነገራችን ላይ በስምዎ የተሸሸጉት የሱዳን ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ማሲንቆውን ይዞ በጎንደርና በወሎ ሠርግ ቤቶች የሚዞር፣ ዜማውን ትናንት ያወጣ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ አዝማሪ አለ፤ እርሱም ካሴቱን ሲሰማ ራሱን «ሕዝብ» ሆኖ ያገኘዋል።

ደግሞ የሚያስቀው፣ የተወሰደው የእኛ የሆነ እንደ ሆነ ሁላችንም ፈረንጅ ላይ የምንጮኸው ጩኸት ነው። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ»፣ ስሙ ራሱ ስለ ባለቤትነት የሚመሰክረው ዜማ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኒው ዮርኩ ናስና የኪንግስተኑ ዴሚያን ማርሌ በጋራ አልበማቸው መክፈቻ ላይ አስገቡት። ያን ጊዜ «ዘረፉን» ሲል የሰማሁት ሰው ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን የሁለቱንም ሥራ መግለጫ የተመለከተ ሰው አስታጥቄ የሚለውን ስም ተጽፎ ያገኛል። ኒው ዮርክና ኪንግስተን የእኛን ሰው በስሙ ሲጠሩት፣ እኛ በሁለት ቀን የመኪና መንገድ ርቀት ላይ ያለውን ጎረቤታችንን «ሕዝብ» ብለን አለፍነው።

ጁባ በበኩሏ በዚህ ነገር ታስተምረን ዘንድ መብት ያላት ይመስለኛል። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ የዘመረችው መዝሙር በእውነት የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ግጥሙን ገጣሚዎች በኅብረት ጻፉት፣ ዜማውንም የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ደረሱት። እንግዲህ «ዜማ፦ ሕዝብ» ለመባል የሚገባው ዘፈን ቢኖር ይህ ነበር፤ እነርሱ ግን የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፉበት፤ የሚፈልግ ሰው በሩን አንኳኩቶ ይጠይቃል። በ2024 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ኦሊምፒክ፣ የደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወት ተሰልፎ ሳለ፣ አዘጋጆቹ በስሕተት የሱዳንን መዝሙር ለቀቁ፤ ልጆቹ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ ሳያወርዱ ቆመው የራሳቸው እስኪመጣ ጠበቁ፣ ከዚያም አሸነፉ። ሽማግሌው ይህን ነገር ሲያስታውሱ ዛሬም ከወንበራቸው ይነሣሉ። የሌላው ዜማ በስምህ ሲጫወት ምን እንደሚመስል ለዚህ ከተማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩን ያስቸኰለብኝ ግን የሱዳን ጦርነት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ኻርቱምና ኦምዱርማን በእሳት ተያዙ፤ የዘፈኑን ባለቤት በስሙ የሚያውቁት ሰዎች ወደ ካይሮ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ በድንበሯ ከተማ በሬንክም በኩል ወደዚህ ተበትነዋል። ሽማግሌው ሱዳናዊውን ዘፋኝ ያውቁታል፤ ዜማውን የደረሰው ግን ሌላ ሰው እንደ ነበረ ትዝ ስላላቸው፣ ኦምዱርማን የነበሩትን አማቻቸውን ሲያፈላልጉ ወራት ፈጀባቸው። ባለፈው ሳምንት ስልኩ ተገኘ፤ ስሙንም በሲጋራ ካርቶን ላይ በዐረብኛ ጽፈው ሰጡኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእርስዎ ካልሆኑት ዜማዎች ሁሉ በጽሑፍ ይሰናበቱልን፤ የቀሩትም ዘፈኖች ክብርዎን አያጐድሉም። ሁለተኛ፣ ስሙን ዛሬ እኔ ከማወጣው ይልቅ ዘፋኙ ራሱ በሚቀጥለው እትሙ ላይ እንዲያርመው ዕድል ልሰጠው ብዬ እዚህ አልጻፍሁትምና፣ ካርቶኑን ከእኔ ተቀብለው ለዘፋኙ ያድርሱልኝ። እርሱ ቢዘገይ እኔ አልዘገይም፤ የሚቀጥለው ደብዳቤዬ በዚያ ስም ይጀምራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከጁባ

አባሪ፦ አንድ የሲጋራ ካርቶን፣ በሁለት በኩል የተጻፈበት

ግልባጭ፦
ለዘፋኙ
ለአቀናባሪው
ለቡና ቤቱ ሽማግሌ (በቃል ይተረጐምላቸው)