ሽማግሌን ሥራ ያስፈታ ዘመን

በእኛ ጊዜ የከፋው ሰው ደጃፍ ሲመጣ መጀመሪያ ጠላ ይቀዳለት ነበር። ቀጥሎ ምክር፣ ቀጥሎ ግሣጼ። ክፍያ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ፣ «የሥነ ልቦና ሕክምና» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ሒሳቡ በሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ 50 ደቂቃ! አሥሯን ደቂቃ ማን እንደወሰዳት የሚነግረኝ አጣሁ።

ስልክ ላይማ ጉድ ነው። የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስዶ ወረቀቱን ያቀፈ ጎረምሳ ሁሉ «ድብርትህን በሰባት ቀን እነቅልልሃለሁ» ይላል። ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል የባልና ሚስት ጠብ ይዳኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስታርቅ ኖሬ እንኳ እንዲህ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የምታጠና የልጅ ልጅ አለችኝ። ምሬቴን ስትሰማ «አባባ፣ የሙያ ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ እኮ ነው» አለች። ማኅበር ስትል ጆሮዬ ቆመ። የእድር ዳኛ የነበርኩ ሰው ነኝ! የእኛ እድር ገና ድንኳን ሳይገዛ ደንቡ ተጽፎ አልቋል፤ ቀብር የቀረ መቀጫው ይኸው፣ ብርጭቆ አጉድሎ የመለሰ መቀጫው ይኸው። የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ1892 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው በ1953 ነው አለችኝ። 61 ዓመት! ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሊነጋገሩ ይሰበሰቡ ነበር? ልጅቷ ትከራከርላቸዋለች፦ መጀመሪያ የተመራማሪዎች ጉባኤ ነበር፣ ብዙዎቹ ወደ ሕክምናው የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው ትላለች። ይሁን።

አሁን የሚሠሩበትን ደንብ አስነበብኳት። የታካሚን ምስጢር ጠብቅ ይላል። ደግ ነው፤ ለሽምግልና በተቀመጥን ማግስት ነገሩ ቡና ላይ ሲወራ ስንቴ ሰምቻለሁ፣ የባልደረቦቼን ስም አልጠራም። ዝምድናና ወዳጅነትን ከሕክምና ጋር አታደባልቅ ይላል። እኔ የማላውቀውን ሰው አስታርቄ አላውቅም! ካላወቅኩትማ ምን አገባኝ? ከታካሚህ ጋር ፍቅር አትጀምር ይላል፤ ሕክምናው ካበቃም በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ወዲያ ቢሆን እጅግ የተለየ ምክንያት ከሌለ በስተቀር። ይህን በጽሑፍ መከልከል ያስፈለገው አንዱ አድርጎት ቢገኝ ነው። አማተብኩ።

«ታዲያ ማኅበሩ ያን ጎረምሳ ዝም ያሰኝልኛል?» አልኳት። አያሰኝም። ማኅበር አቅሙ በአባሉ ላይ ነው፤ ይገሥጻል፣ ያስወጣል። ያለፈቃድ የሚሠራውን የሚቀጣው ሕግ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ሳይመዘገቡ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ» ማለት ያስከስሳል። ጎሽ! አልኩ። ለካ «ሳይኮሎጂስት ነኝ» ብሎ ዝም ያለውን ሕጉ አይነካውም። ሲያጸድቁት አንቀላፍተው ነበር እንዴ?

አንድ ነገር ግን፣ ሳልወድ፣ አስደንቆኛል። የአሜሪካው ማኅበር ሹሞች ከመከላከያው ሰዎች ጋር ተመሳጥረው፣ የእስረኛ ምርመራን በሚመለከት ደንቡን ላላ እንዳደረጉ እ.ኤ.አ. በ2015 ከውጭ የመጣ መርማሪ አጋለጠ። ደንቡን ያላሉት ደብድቦ ማውጣጣት በነበረበት ዘመን ነው እንግዲህ። መርማሪውን የቀጠረው ማነው? ማኅበሩ ራሱ! ጉባኤውም በዚያው ዓመት አባላቱ እንዲህ ካለው ምርመራ እጃቸውን እንዲያወጡ ወሰነ። ጉዱን በገዛ ገንዘቡ አስመርምሮ አደባባይ ያወጣ ማኅበር እኔ አላየሁም። የእኛ እድር ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ሲጠየቅ ወገቡን ያመው ነበር።

የእኛ አገር ሳይኮሎጂስቶችም ማኅበር አላቸው። ልጆቼ፣ ጠንከር በሉ፤ ያልተማረው በስማችሁ ሲነግድ ዝም አትበሉ፣ የበደለውንም አባል አትሸፍኑ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ብር ከመቁጠርህ በፊት «የሥራ ፈቃድህን አሳየኝ» በል፤ ከተቆጣ ተነሥተህ ውጣ። ምክር ብቻ ከሆነ የፈለግኸው ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። በነፃ ነው፤ ምስጢር መጠበቁን ግን ቃል አልገባም።