የ18 ሜትር ጣጣ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ባለፈው በስልክ «ያ የጎረቤትህ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማ ያቃጥላል ይሉኛል፤ አመመው እንዴ?» ብለው ጠይቀው ሳልመልስልዎ ካርዱ አለቀ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ይኸው በጽሑፍ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ።

ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሲልቨር ስፕሪንግና በዋሽንግተን መካከል በቶዮታ ካምሪ ተሳፋሪ ያመላልሳል። ኮከብ እንዳይቀንሱበት ፍሬን እንኳ የሚይዘው በልምምጥ ነው። ቅዳሜ ሲሆን ግን የ1968 ፕሊመዝ ሮድ ረነሩን አውጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ደቡብ ይነዳና ቡድስ ክሪክ የሚባል የሜሪላንድ ገጠር ይገባል። እዚያ 402 ሜትር የሚለካ ቀጥ ያለ የውድድር መንገድ አለ። ኩርባ የለው፣ ዳገት የለው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ ይፈተለካሉ፤ በ15 ሰከንድ ገደማ አለቀ። ለዚህች ተራ ለመድረስ ነው ሰው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰልፎ የሚውለው።

መኪናው በዘመኑ የደሞዝተኛ ልጅ መመኪያ ነበር። የፕሊመዝ ባለቤት ክራይስለር ምንጣፉን አንሥቶ፣ ጌጣጌጡን ቀንሶ፣ ትልቅ ሞተር ገጠመለትና ከ3,000 ዶላር በታች ሸጠው። ቆጠበ ሲሉት ታዲያ ለሮድ ረነር፣ ለካርቱኑ ወፍ፣ ስምና ሥዕል ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፈለ፤ ጡሩምባውም እንደ ወፉ «ቢፕ ቢፕ» እንዲል ተደረገ። ሞተሩ 6.3 ሊትር ነው፤ የእርስዎ የድሮዋ ቮልስ ሞተር አምስት ጊዜ ይገባበታል። ጉልበቱ በፋብሪካው ወረቀት 335 ፈረስ።

«ይህን ሁሉ ፈረስ ይዞ ምን ቸገረው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የቸገረው መነሣቱ ነው። ነዳጁን ረገጥ ሲያደርገው የኋላው ጎማ እዚያው በቆመበት ይሽከረከራል፤ ጭሱ ሰማይ ይነካል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ መኪናው ግን ገና አልሄደም። ስለዚህ እዚህ አገር ዐዋቂ የሚባለው ሰው መጨረሻ ላይ ስንት ገባህ ከማለቱ በፊት የመጀመሪያውን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ከ29፣ በስንት ጨረስከው ይላል። እዚያች ላይ የተቆጠበች አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው መስመር ስትደርስ አንድ ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ዐሥረኛ ትሆናለች። ልጁ በመጀመሪያ 18ቱን ሜትር በ2.35 ሰከንድ ነበር የሚጨርሳት። አጠገቡ የቆሙ ሽማግሌዎች ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት አይተው ምንም ሳይሉ መለሱለት፤ ይህ እዚያ አካባቢ ከስድብ ይቆጠራል።

ቀጣዩን እርስዎ ከኔ ይልቅ ይረዱታል፤ ዕድሜዎን ከፊያት ባሌስትራ ሥር ጨርሰዋልና። አክስሉ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ እሱ ራሱ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይፈልጋል። ዲፈረንሻሉ አፍንጫውን ወደ ላይ ይነቀንቃል፣ ባሌስትራው ይጣመማል፣ ሲበቃው ተስፈንጥሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይጣመማል። ጎማው በየመሐሉ አስፋልቱን እየለቀቀ ይነጥራል፤ ቀኑ የከፋ ከሆነም ሴሚያሴ ይበጠሳል። የክራይስለር መሐንዲሶች ይህን ቀድመው አስበውበታል። አክስሉን ከባሌስትራው መሐል ወደ ፊት አስጠጉት፤ የፊተኛው ክፍል አጭርና ግትር ሆነ። ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ በላይ ደግሞ ወፍራም ላስቲክ አሰሩ፤ አፍንጫው ቀና ሲል ላስቲኩ ከመኪናው ወለል ጋር ይጋጠምና «በቃህ» ይለዋል። ለውድድር ተብለው የተሠሩት ባሌስትራዎች ግራና ቀኛቸው እኩል እንኳ አይደለም። የሞተሩ ጥምዘዛ የቀኙን የኋላ ጎማ ከመሬት ሊያላቅቅ ስለሚታገል የቀኙ ባሌስትራ ጠንከር ብሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሥራ እርስዎ ጋራዥ ቢያዩ ሠሪውን በጥፊ ነበር የሚሉት።

እነዚሁ መሐንዲሶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ራምቻርጀርስ የሚል የውድድር ክበብ ነበራቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንዲት የ1949 ፕሊመዝ አንሥተው፣ ክብደቷ ሲነሡ ወደ ኋላ ጎማ እንዲወድቅ ብለው፣ ገላዋን ከመሬት ሰቀሏት። የጭስ ማውጫዋ መለከት ይመስል ነበር። የሚያያት ሁሉ ይስቃል፤ መብራቱ ሲበራ ግን ሳቁ ያልቅ ነበር። በ1964 ደግሞ ፋብሪካው ለውድድር ባቀለላቸው መኪኖች ላይ ከባዱን ባትሪ ከሞተሩ አጠገብ አንሥቶ የኋላ ሻንጣው ውስጥ በቀኝ በኩል አስቀመጠው። መኪናውን ለማቅለል ከመስተዋቱ ጀምሮ የሚቀንስ ሰው ትልቅ ባትሪ ሲጭን ማየት ያስቃል፤ ግን ክብደቱ የሚጠቅመው እዚያ ነው።

ልጁም ባትሪውን ወደ ኋላ ወሰደ። የፊት ሾካብዞርበሮቹን በቀላሉ በሚዘረጉ ለወጣቸው፤ ነዳጅ ሲረገጥ አፍንጫው ብድግ፣ መቀመጫው ቁጭ እንዲል። ከዚያ የጎማው ነገር መጣ፤ ትዳሩን የነካውም እሱ ነው። ለውድድር የሚሆነው ጎማ ለስላሳ ነው፤ አየሩን ከ32 ወደ 18 ፒኤስአይ ዝቅ ያደርጉታል፣ ጎሚስታ ቢያየው ያለቅሳል። ውኃ ላይ አቁመው በፍሬን የፊቱን ይዘው የኋላውን እያሽከረከሩ ያቃጥሉታል፤ ቆሻሻው ተጠርጎ ላስቲኩ ሲሞቅ መንገዱን አጥብቆ እንዲይዝ። ይህን ሚስቱ ዐይኗ እያየ አንድ ቅዳሜ ታዘበች። «ጎማ በገንዘብ ገዝተህ ሆን ብለህ የምታቃጥል፣ ለልጆቹ ጫማ ስጠይቅህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው። መልስ እስካሁን አልተገኘም። እሷም ብትሆን ከልብ አልጨከነችም፤ በኤንኤችአርኤ፣ ማለትም ዋሊ ፓርክስ በ1951 በመሠረቱት የመኪና ውድድር ማኅበር ሕግ፣ የራስ ቁር ግዴታ የሚሆነው 13.99 ሰከንድና ከዚያ በታች ለሚገባ መኪና ነው፤ ልጁን ግን 15 ሰከንድ በሚገባበት ጊዜም ያለ ቁር አታስነሣውም ነበር።

የመጨረሻው ትምህርት እግሩ ላይ ነበር። ነዳጁን በአንዴ ከመደፍጠጥ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ሲለቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ። «የገና ዛፍ» የሚሉት ምሰሶ ከ1963 ጀምሮ አለ፤ አሁን እሱ ላይ ሦስት ቢጫ መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ፤ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴውን የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል፤ በሦስተኛው ቢጫ ነው መነሣት። የተቻኮለ ቀይ ይበራበትና እዚያው ይሸነፋል። የኛ ልጅ መንዳት የተማረው መገናኛ ነውና ከኋላው ሰው ጡሩምባ ካልነፋ መነሣት አይሆንለትም ነበር። ይህም ተስተካከለ፤ 18ቱ ሜትር ወደ 1.98 ወረደች።

አሁን ወደ ቅሌቱ ልግባ። በዚህ ዓይነት ውድድር ሁሉም ሰው «መኪናዬ በዚህ ያህል ይገባል» ብሎ ቁጥር በነጭ የጫማ ቀለም መስተዋቱ ላይ ይጽፋል። ቀርፋፋው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ግን ከጻፉት ቁጥር በታች ከገቡ፣ ቀድመው ቢደርሱም ተሸነፉ። ልጁ በከሰዓቱ ሙቀት ባደረገው ሙከራ 14.52 ገብቶ ነበርና 14.50 ጻፈ። የደረሰው አንዲት እናት ከምትነዳው የቤተሰብ ሚኒቫን ጋር ነው፤ መስተዋቱ ላይ 17.20፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ። ተራው ሲደርስ መሽቷል፤ አየሩ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛ አየር እምቅ ያለ ነው፣ ሞተር ይወደዋል። (አዲስ አበባ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ይኸው መኪና ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣ ነበር፤ እስከ 2023 በሠራው በኮሎራዶው ባንዲሜር ሜዳም ከፍታው 1,768 ሜትር ስለነበር ሰዓቱን በማካካሻ ነበር የሚያሰሉት።)

ሚኒቫኗ ተለቀቀች። ልጁ 2.70 ሰከንድ ጠብቆ፣ በሕይወቱ ያላየውን አነሣስ ተነሣ። አፍንጫው ብድግ፣ ጎማው ዝም፣ ጭስ የለ። መጨረሻው ላይ ደርሶባት በአንድ ክንድ ያህል ቀደማት፤ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ ሳለ የድል መብራቱ በእሷ በኩል በራ። ወረቀቱ ላይ የእሱ 14.43፣ የእሷ 17.24 ነው። ፈጠነና ተሸነፈ። የቆዩት ተወዳዳሪዎች መጨረሻው ላይ ፍሬን ነካ አድርገው ነው የሚገቡት፤ ይህን ግን ማንም አልነገረውም፤ ሲነግሩትም እየሳቁ ነበር።

አሁን ሞተሩ ከፍ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርግ የካምቢዮ ኮንቨርተር ካታሎግ ይዞ ሳሎን ተቀምጧል፤ ሚስቱ የኢንሹራንሱን ደረሰኝ ካታሎጉ ላይ አስቀምጣበታለች።

ጋሼ፣ በሰው እጅ የላክሁት መድኃኒትዎ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ላስቲክ ያገኛሉ። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ላይ ያልኩዎት እሱ ነው። ልጁ «ምናለሽ ተራ ወስደው ቢያሳዩልኝ በሩብ ዋጋ ይሠሩልኛል» ብሎ ለምኖኛል። ከፍታውን በግማሽ ጣት ጨምረው፣ ጠጠር ካለ የከባድ መኪና ጎማ ይቁረጡለት። ጉምሩክ ላይ ቢጠየቁ ስለ ውድድር ምንም አይበሉ፤ የበር ማቆሚያ ነው ይበሏቸው።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ