አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ

ባለቤቴ «መኪና እንግዛ» ስትል ቪትዝ ማለቷ ነበር። እኔ የሰማሁት ዋዝ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ለወራት ማታ ማታ ስልኬ ላይ የፈረንጅ አባወራዎችን ሳይ ከርሜአለሁ። የጦር ሠራዊት ያሰናበተውን መኪና ይገዛሉ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ሚስትና ልጆቻቸውን ጭነው ጭቃ ፍለጋ ይወጣሉ። አዎ፣ ጭቃ ፍለጋ። አስፋልቱን ትተው፣ አንዳንዶቹም የመግቢያ ከፍለው፣ ጎማ የሚውጥ ማጥ ይፈልጋሉ። ይህን ዓለም ከተማ ላለው አጎቴ ደውዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «መክፈላቸውን እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። «ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ በነፃ ስናስነዳ የኖርነው ምን ነክቶን ነው?»

አገሬ መርሐቤቴ ነው። ለማያውቀው፣ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል የተቀመጠ አገር ስለሆነ ለመግባት መጀመሪያ መውረድ፣ ቀጥሎ መውጣት ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተህ ሙከ ጡሪ ላይ ታጥፈህ፣ ለሚን ስታልፍ ምድሩ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ጀማ፤ ድልድዩን ከተሻገርክ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ወደ ዓለም ከተማ። ጠቅላላው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። ኪሎ ሜትር ግን የሜዳ ሰው መለኪያ ነው። እኛ ቤት ይህ መንገድ የሚለካው እናቴ በጉዞው ላይ በምትሳለው ስለት ብዛት ነው።

ዋዝን ያወቅሁትም እዚያው ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ከአሜሪካ ተቆራርጦ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲዞር፣ የሠራዊቱ ጂፕም ቀስ በቀስ ለሶቭየቱ ዋዝ ቦታውን ለቀቀ። በልጅነቴ የዋዝ ድምፅ ከተማው ውስጥ ሲሰማ እኛ ልጆች ወደ ውጭ፣ ትልልቆቹ ወደ ውስጥ እንሮጥ ነበር። እኛ ልናይ፣ እነሱ ላለመታየት። ስሙ የፋብሪካው ምኅጻረ ቃል ነው፤ ፋብሪካው ያለው ሌኒን በተወለደባት በኡልያኖቭስክ ከተማ ነው። በግንቦት 1983 የሌኒን ሐውልት ከአዲስ አበባ ሲነሳ የአገሩን ልጅ ዋዝን ግን ማንም ንክች አላደረገውም። አዲሱንም መንግሥት እንደ አሮጌው ማገልገሉን ቀጠለ። ስንቱ ባለሥልጣን ያልቻለውን!

ምርጫዬን ለባለቤቴ ሳቀርብ በታሪክ ጀመርኩ። ሞሪስ ዊልክስ የሚባል እንግሊዛዊ አንግልሲ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ገዛና እርሻው ላይ ይነዳው ጀመር። ጂፑ ሲያረጅ ምን እተካለሁ ብሎ ሲያስብ የራሱን ለመሥራት ቆረጠ፤ ያ የሠራው መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ የታየው ላንድሮቨር ነው። ብረት በራሽን ስለነበረ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። «አየሽ፣» አልኳት፣ «ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሰው የጦር ሜዳ መኪና ለቤቱ ስለገዛ ነው።»

«ሰውዬው ሥራው ምን ነበር?»

«የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ።»

«እንግዲህ ሲበላሽበት የሚወስድበት ፋብሪካ ነበረው። አንተስ?»

ወደ ሌላ ማስረጃ ተሻገርኩ። ቶዮታም ቢሆን የላንድክሩዘሩን አባት በ1951 እ.ኤ.አ. ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አውጥቶ አሳይቷል። ዋዝ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ካውካሰስ ውስጥ ኤልብሩስ የሚባለው ተራራ ላይ፣ በረዶውን እየረገጠ 4 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ደርሷል። ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል የነበረችው እናቴ ቀና አለችና «ወረደ?» ብላ ጠየቀች። እሱን አላነበብኩም ነበር።

ላንድክሩዘርማ ማን ይጠላል! ችግሩ ገንዘቡ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ መኪና እንደ ሽማግሌ በዕድሜው የሚከበርበት ዘመን መጥቷል። ደግሞም መርሐቤቴ ውስጥ ተራራ የሚወጣ መኪና የቅንጦት ወሬ አይደለም። የካርል ሃይንዝ ቦም «ሰዎች ለሰዎች» ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታልን ከመሥራቱ በፊት፣ ምጥ የጸናባት ሴት ገደሉን የምትሻገረው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ላይ ነበር። የአገሬ እውነተኛ «ፎርዊል» አራት ጎማ ሳይሆን ስምንት እግር ነበረው። ይህን ሳስብ ጭቃ ፍለጋ የሚወጡት ፈረንጆች ትንሽ ያስቁኛል፤ ትንሽም ያስቀኑኛል።

አማካሪ ስለሚያስፈልገኝ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠራዊት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ዋዝ ስላቸው ፊታቸው በራ። «ሞተሩ 75 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ለሰልፍ ካልሆነ አያስፈልግም። ሁለት ሰልባትዮ አለው፤ እያንዳንዱ 39 ሊትር ይይዛል» አሉኝ። ሁለት ለምን አስፈለገው ስላቸው ሳቅ አሉና «አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ» አሉ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የዚያን ዕለት አልገባኝም። «ልጄ፣ ይህ መኪና ምንም አይወጣለት። ግን የተሠራው ታዞ ለሚጫን ሰው ነው። ወታደር መኪና ላይ ሆኖ ሽንቴ መጣ አይልም።»

ሠራዊቱ ያሰናበታቸው መኪኖች ወደሚሸጡበት ጨረታ አብረን ሄድን። ጨረታ የማታውቁ ካላችሁ «ባለበት ሁኔታ» የሚለውን ሐረግ አጥኑ። በአማርኛ የተጻፈ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ሐረግ አላየሁም። ባለበት ሁኔታ ማለት ሞተር ከሌለው ሞተር የለውም፤ ውስጡ ዶሮ ከፈለፈለች ጫጩቶቹም ያንተ ናቸው፤ ቀረጥ ካለበትም ቀረጡ ያንተ ነው ማለት ነው። መኪኖቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አሰላለፋቸው እስከ ዛሬ የወታደር ነው። በአንዱ ኮፈን ሥር ሣር በቅሎ በፊት መብራቱ ጎድጓዳ በኩል ብቅ ብሏል።

ሃምሳ አለቃ ቀለም አላዩም። ተንበርክከው ዲፈረንሲያሉን በእጃቸው ዳሰሱ፤ የዘይት መለኪያውን አውጥተው አሸተቱ፤ ባሊስትራውን በዱላቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ሐኪም ቤት ስንት ጊዜ ሄጄ እንዲህ ተደርጌ አልተመረመርኩም። እኔ በበኩሌ ልጆቹ የት ይቀመጣሉ እያልኩ በዓይኔ ስለካ፣ አጠገባችን ደግሞ ሦስት ሰዎች ያንኑ መኪና በዓይናቸው ይመዝኑ ነበር። እኔ ወንበር እቆጥራለሁ፤ እነሱ ኪሎ። የብረት ነጋዴዎች ነበሩ። ፖስታው ሲከፈት የእነሱ ዋጋ ከእኔ ዋጋ ተርፎ ለአንድ ቪትዝ ጎማ ይበቃል። ዋዙን ለመንዳት የፈለገ ሰው ለማቅለጥ በፈለገ ሰው ተሸነፈ።

ሃምሳ አለቃ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ከዓመታት በፊት ከእንዲሁ ያለ ጨረታ ዋዝ ያወጣ ወዳጅ ነበራቸው። ሰውዬው መኪናውን ሊሸጥ ያስባል፤ ወስዳችሁ ሞክሩት፣ ቤንዚኑን ብቻ ቻሉ አለን። በወረቀት ሲታይ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ይበቃዋል። ወረቀት ግን የጀማን ዳገት አያውቅም። ሁለቱንም ሰልባትዮ አስሞላሁ፤ ስከፍል ባለቤቴ ቁጥሩን እንዳታይ በትከሻዬ ከለልኩት።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ለፋሲካ ወደ ዓለም ከተማ ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆች፣ እናቴና መኪና ልንገዛ መሆናችንን ሰምታ ዘመድነታችንን ያስታወሰች አንዲት የአክስቴ ልጅ። ሰባት ሰው ሞላ። ሃምሳ አለቃ ቦታ የለም ብለው ቀሩ፤ ሳያቸው ብዙም ያዘኑ አልመሰሉኝም።

ከሱሉልታ ጫንጮ ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ቆምን፤ ሦስቱም ጊዜ ሽንት ነው። የሃምሳ አለቃ ነገር ያኔ ገባኝ። የኋላው መቀመጫ ወደ ጎን የዞረ ስለሆነ እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ ማዞር አልቻለችም፤ «ይህ መኪና ወዴት እንደምሄድ አያሳየኝም፣ የምወድቅበትን ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አለች። ጣሪያው ሸራ ነው፤ በሸራው ቀዳዳ የሚገባው የለሚ ብርድ የመንዝ ባናዋን ሁለት ጊዜ አስጠቅልሏታል። ድምፁስ? እውነት ለመናገር በትዳር ዘመናችን ከባለቤቴ ጋር ሳንጨቃጨቅ የተጓዝነው ያን ቀን ብቻ ነው። አንዳችን የሌላውን አንሰማም ነበር።

የለሚ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩን። ትንሹ ልጄ «እነሱም ዋዝ ያውቃሉ?» አለ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ሃምሳ አለቃ «ፍሬን እንዳትተማመን፣ በከባድ ማርሽ ውረድ» ብለውኝ ስለነበር በከባድ ማርሽ ወረድኩ። እዚህ ላይ ለዋዝ ምስጋና ይገባዋል። እንደ በቅሎ እየመረጠ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደነግጥ ወረደ። ድልድዩን ስንሻገር ልቤ ሞላ። ባለቤቴን በዓይኔ «አየሽ?» አልኳት።

መልሱ ዳገቱ ላይ መጣ። ከዓለም ከተማ በታች፣ መንገዱ ከተጠማዘዘበት፣ ዋዝ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

የነዳጅ መለኪያውን አየሁ፤ ሙሉ ነው ይላል። ስለዚህ ነዳጅ አይደለም። ወርጄ ኮፈን ከፈትኩ። ኮፈን መክፈት የወግ ነገር ነው፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንደ መቀመጥ፣ ምንም ባታደርግም ማድረግ አለብህ። ካንዴላ ፈታሁ፤ መልሼ አጠበቅሁ። ቺንጊያውን ነካሁ። እናቴ ስለት ጀመረች። ልጆቹ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ድንጋይ ላይ ይዘላሉ። ትልቋ መጥታ «አባዬ፣ ስልክህ ላይ የምታየው ጨዋታ ይሄ ነው?» አለችኝ።

አንድ አዛውንት አህያ እየነዱ መጡ። ሰላምታው፣ የጤናው ጥያቄ፣ የማን ልጅነቱ በወጉ ካለቀ በኋላ ወደ ዋዙ ዞር አሉ።

«ሰልባትዮ ቀይረሃል ልጄ?»

«የቀኙ ለመመለሻ ነው አባቴ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። አዛውንቱ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አህያቸውን አዩ፤ ምስክር እንድትሆናቸው ይመስለኛል። ከዚያ በበሩ በኩል ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ወለሉ ሰደዱና አንዲት መቀየሪያ አዞሩ። መለኪያው ሲያነብ የዋለው ያልተነካውን የቀኙን ሰልባትዮ ነበር፤ ሞተሩ የሚጠጣው ደግሞ የግራውን፣ እሱንም እስከ አተላው። ሞተሩ ጎን ያለችውን የእጅ መሳቢያ ጥቂት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረጉና «በል አስነሳ» አሉ። ተነሳ።

አዛውንቱ ሐረር፣ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነበሩ። የኦጋዴን ጦርነት ላይ ዋዝ ነድተዋል። እናቴ ለፋሲካ የያዘችውን ዳቦ ስትሰጣቸው በምርቃት ተቀበሉ፤ ገንዘብ ግን እምቢ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሾፌሩ ወንበር ላይ ጥቂት ልቀመጥ አሉ። ተቀመጡ። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይነዱ፣ ገደሉን አሻግረው ሲያዩ ቆዩ። «በቃኝ» ብለው ወርደው አህያቸውን ተከተሉ። ማናችንም፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ እስኪርቁ ድረስ አልተናገርንም።

ዓለም ከተማ ስንደርስ ባለቤቴ ፍርዷን ሰጠች። «ዋዙን ግዛው። አዛውንቱ አብረው የሚሸጡ ከሆነ።»

ቪትዝ ገዛን። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆማለች፤ ዓለም ከተማ በአውቶቡስ እንሄዳለን። ዋዝ ለመግዛት ያሰባችሁ ግን፣ መቀየሪያዋ ወለሉ ላይ፣ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ናት።