የግሳት ኬሚስትሪ፦ ከሆለታ እስከ ጉደር የተደረገ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

በአገራችን ተማሪ ከአሲድና ከቤዝ ጋር የሚተዋወቀው በሊትመስ ወረቀት ነው። ሰማያዊው በአሲድ ይቀላል፣ ቀዩ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል፤ ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፍና ወረቀቱን ዳግመኛ ሳያየው ያረጃል። ይህ ጥናት ሊትመሱን ለትምህርት ቤት ትቶ፣ ነገሩ በየዕለቱ የሚፈጸምባቸውን ቦታዎች ይመለከታል፤ እነሱም ሥጋ ቤት፣ የሊጥ ዕቃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋና የገብስ ማሳ ናቸው። ምዕራብ ሸዋ የተመረጠው በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አምቦ፣ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ከተማ፣ ለዚህ ሳይንስ የራሷን ጠርሙስ አበርክታለች።

የጥናቱ ዘዴ

የአሲድና የቤዝ ጥናት ጠቋሚ ቀለም ይፈልጋል። እዚህ ያገለገለው እርድ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች እንግዳ አልጫ ወጥ ይቀርብላታል፤ በግድ የተሰጣት ጉርሻ አፏን ስቶ ነጠላው ላይ ያርፋል። እድፉ ቢጫ ነው። ቤት ገብታ በሳሙና ስታሸው ቢጫው ወዲያው ይቀላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ሳሙናውን፣ ገሚሱ ጉርሻ ያጎረሰውን ሰው ይወቅሳል። ሳሙናው ግን ጥፋት የለበትም። ቤዝ በመሆኑ እርዱ ውስጥ ያለውን ኩርኩሚን የተባለ ቀለም ለውጦታል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አሲዱ ቤዙን ያረክስና ቢጫው ይመለሳል። ነጠላው እንደ ቀድሞው ነጭ አይሆንም፤ ይህ ግን የጥናቱ ዓላማ አልነበረም።

ልኬቱ ፒኤች ይባላል። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው፤ አንድ ደረጃ መውረድ አሲዱን 10 እጥፍ ያበረታዋል። ሎሚ 2 አካባቢ፣ የሳሙና ውሃ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ይህን ልኬት በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ቤተ ሙከራ ነበር። ትልቅ ቁም ነገር ከመጠጥ አጠገብ መገኘቱ አምቦ ላይ ማንንም አያስደንቅም።

ግኝት 1፦ ጠርሙሱ

የአምቦ ውሃ ከመሬት ሥር ሳለ ከጥልቅ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባበትና ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ በመንገዱ ያገኘውን ዓለት እየበላ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ይሸከማል፤ በዚሁ ሂደትም ባይካርቦኔት ይፈጠራል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውስጥ አሲዱም ማርከሻውም አብረው ታሽገዋል። ፋብሪካው ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያሽጋል፤ ማዕድን ያለው ምንጭ፣ ማለትም ሆራ፣ እንደሚጠቅም ቀድመው ያወቁት ግን ከብቶች ናቸው። እረኞች የእነሱን ውሳኔ ተከትለዋል። የመስኩ ቀዳሚ ተመራማሪዎች እስካሁን ምስጋና አልደረሳቸውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አምቦ በብርጭቆ ተቀድቶ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋው ይገነፍላል፤ ሎሚው ባይካርቦኔቱን አግኝቶት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረውን ጠዋት የቀመሰ ሰው ደግሞ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ጋዙ ሲሄድ አሲድነቱም ስለሄደ ምላስ ላይ የቀረው ጨዉ ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቢፈላ ከሥሩ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ቅርፊቱ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ይህ ዝምድና ግኝት 3 ላይ ያስፈልገናል።

ግኝት 2፦ ጓዳው

ሆለታ ላይ ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀይሩታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይብ ይሆናል፤ የወተት ፕሮቲን ፒኤች 4.6 አካባቢ ሲደርስ ፈሳሹን ትቶ መሰባሰብ ይወዳልና። ባልትና ያላቸው እናቶች ይህን ቁጥር ጠይቀው አያውቁም፤ ጣት ነክረው ይቀምሳሉ።

የጤፍ ሊጥም እርሾ ገብቶበት ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ፒኤቹ ከ4 በታች ይወርዳል። እርሾው አሲድ ብቻ ሳይሆን ጋዝም ያወጣል፤ ምጣድ ላይ የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሰው እንጀራ በልቶ አምቦ ሲጠጣ፣ ዓይን የከፈተውን ጋዝ በጠርሙስ በድጋሚ ገዝቷል ማለት ነው።

ግኝት 3፦ ማሳው

ቃር የሰው ብቻ ችግር አይደለም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ ነው፤ የምዕራብ ሸዋ ቀይ አፈርም ከዚሁ ይመደባል። ለዘመናት የወረደ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አጥቦታል፤ ገለባው በየዓመቱ ለከብትና ለማገዶ ይሄዳል፤ የአፈር ማዳበሪያውም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱንና የባቄላውን ሥር ያቀጭጫል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ልኩም ለአንድ ሄክታር በቶን ይቆጠራል። ኖራው አሲዱን ሲያረክስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በግልጽ አነጋገር ማሳው ያገሳል። ድምፁ የማይሰማው በየቦታው ጥቂት በጥቂት ስለሚያወጣው ነው፤ ይህም ከሥጋ ቤት ደንበኛ የሚለየው ዋነኛ ጨዋነቱ ነው።

ግኝት 4፦ ሆድ

የሰው ጨጓራ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሠራል፤ ፒኤቹ ከ1 እስከ 2 ይደርሳል። ቁርጥ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ከወረዱ በኋላ አምቦ ሲከተል፣ ባይካርቦኔቱ አሲዱን አግኝቶ ውሃና ጋዝ ይሆናል፤ ከጠርሙሱ የመጣው ጋዝም ይጨመርበታል። ውጤቱ ግሳት ነው። ጠጪው «ተፈወስኩ» ይላል። ሆኖም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ጨጓራ ከምግብ በኋላ የሚያመነጨውን አሲድ ሁሉ አይችልም፤ ቃር ያለበትን ሰው ደግሞ ጋዙ አሲዱን ወደ ላይ ገፍቶ ሊያብስበት ይችላል።

የጨጓራ ቁስለት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋና ምክንያቱ ኤች ፓይሎሪ ነው። ይህ ባክቴሪያ አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ቤዝ ያነጥፋል፤ በአሲድ መካከል የሚኖረውም በዚህ ዘዴ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ጉዳዩን ለማረጋገጥ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በላዩ አምቦ ስለመጠጣቱ የተጻፈ ነገር የለም።

ውይይት

በ1923 እ.ኤ.አ. ሌላው የኮፐንሃገን ሰው ዮሃንስ ብሮንስተድ፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ሎውሪም በየፊናቸው፣ አሲድ ማለት ፕሮቶን የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት የሚቀበል ነው አሉ። ሰጪ ብቻ ካለ፣ ተቀባይ ከሌለ ምንም አይካሄድም። ይህ ድንጋጌ አምቦ ሥጋ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ተረጋግጧል።

«በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬስ የእኔ ተራ ነው!»

«እጅህን ሰብስብ ብዬሃለሁ!»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሰጪ ናቸው፤ የሚቀበል የለም፤ ሂደቱም ባለበት ይቆማል። መፍትሔው የሚገኘው አስተናጋጁ ቀርቦ ቅርብ ካለው እጅ ላይ ብሩን ሲመነጭቅ ነው። በጥናቱ ሥፍራ የተገኘው ብቸኛ ቤዝ እሱ ነው፤ መልሱን ግን ገና አላመጣም።