የዳኞችን ጉራ ለመወሰን የወጣ የደጋፊዎች አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት የመግቢያችንን ከፍለን፣ ለአራት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ሰባት ሆነን የምንቀመጥ፣ አንድ ሻይ አዝዘን እስከ እረፍት የምናቆይ የኳስ ቤት ታዳሚዎች፤

“ጥሩ ዳኛ ሜዳ ውስጥ መኖሩ የማይታወቀው ነው” የሚለውን አባባል አንድም ቀን ሳናምንበት ለዓመታት ስንደጋግመው በመኖራችን፤

እንግሊዛዊው ማይክ ዲን ከ2000 እስከ 2022 በፕሪሚየር ሊጉ ከ550 በላይ ጨዋታዎችን ሲመራ፣ 114 ቀይ ካርዶችንም ሲመዝ ያለ እረፍት ሰድበነው ስናበቃ፣ ፊሽካውን በሰቀለ ማግስት “ሰውዬው ግን ጨዋታ ያደምቅ ነበር” ማለት በመጀመራችን፤

ይህ መያዣ መጨበጫ የሌለው ጠባያችን ሥርዓት ሊበጅለት የሚገባ ሆኖ በመገኘቱ፤

ማንም ሳይሾመን፣ በገዛ ሥልጣናችን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የጉራ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

“ጉራ” ማለት ፊሽካው ተነፍቶ፣ ጥፋቱ ታይቶ፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ዳኛው ከራሱ የሚጨምረው ነገር ሁሉ ነው። ተጫዋቹን ዞር ብለው ሳያዩ ካርድ ማሳየት፣ ቀዩን ከኪስ ውስጥ ፈልጎ እንዳጣ ሰው ማዘግየት፣ እጅን ከሚያስፈልገው በላይ ዘርግቶ አቅጣጫ መጠቆም፣ የሚጮህበትን ተጫዋች ፈገግ ብሎ መስማት የዚሁ አካል ናቸው። “ደጋፊ” ማለት አሥራ ሰባቱን የጨዋታ ሕጎች ሳያነብ አሥራ ሰባቱንም ለዳኛ የሚያስተምር ሰው ነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉት ሊጉ የእነርሱ ስለሆነ ነው። በወንድ ፆታ የተነገረው ለሴትም ያገለግላል፤ ስድቡም ጭምር ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሮ ሳይቋጭ ቀርቷል።

አንቀጽ 3፦ ካርድ ራሱ ትርዒት ስለመሆኑ

በዚህ ነጥብ ላይ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ከኋላ ወንበር የተነሱ አንድ አባት “ዳኛ ዳኛ ነው እንጂ አዝማሪ አይደለም፤ ፊሽካውን ነፍቶ ዘወር ይበል” ሲሉ ጥቂት የማይባል ጭብጨባ አግኝተዋል። የሚከተለው መልስ ተሰጥቷቸዋል።

በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ እንግሊዝና አርጀንቲና ዌምብሌይ ላይ ሲጋጠሙ ዳኛው ማንን እንዳስጠነቀቀ ሕዝቡ ቀርቶ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው ተጫዋቾች ራሳቸው በቅጡ አላወቁም ነበር። ያኔ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በቃል ነው፣ የሚጻፈውም በኪስ ደብተር። የውድድሩ ዳኞች አለቃ የነበረው ኬን አስተን ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ መኪናውን እየነዳ ሄዶ የትራፊክ መብራት አስቆመው፤ ቢጫ፣ ቀይ። ሐሳቡ እዚያው መጣለት፤ በ1970 ሜክሲኮ ላይም ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ ካርድ የተፈጠረው ከላይኛው እርከን የተቀመጠው ሰው እንዲያየው ነው። ለተጫዋቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጆሮው ሹክ ማለት ይበቃ ነበር። አንድን ሰው ጥቁር አልብሰህ፣ ቀይ ነገር በእጁ አስይዘህ፣ “ስልሳ ሺህ ሕዝብ ፊት ከፍ አድርገህ አንሣው” ካልከው በኋላ “ስታነሣው ግን አታምርበት” ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። አባት “እሺ፣ ግን ወገቡን ለምን ያዞራል?” ብለዋል። ጥያቄያቸው ለሚቀጥለው አንቀጽ ተላልፏል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ማይክ ዲን ወገብ

ሰውዬው የዊራል ልጅ ነው፤ ከሊቨርፑል ወንዙን ተሻግሮ ካለው ወገን። ሩጫው ላይ መጠነኛ ጭፈራ አለበት። ቢጫ ሲሰጥ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ክንዱን ብቻ ወደ ጥፋተኛው ልኮ ሲያሳይ ያላየ የኳስ ቤት ታዳሚ የለም። ተጫዋቹ ካርዱን ያያል፤ ዳኛው ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ጉዳዩ ተዘግቶበታል።

በኅዳር 2015 ቶተንሃም ከአስቶን ቪላ ሲጫወቱ ግን የተለየ ነገር ሆነ። ጥፋት ተሠራ፤ ዲን ፊሽካ አልነፋም፣ ሁለት እጁን ወደፊት ጠርጎ “ቀጥሉ” ብሎ አድቫንቴጅ ሰጠ፤ ሙሳ ዴምቤሌ ጎል አስቆጠረ። ካሜራው ወደ ዳኛው ሲዞር ሰውዬው ደስ ብሎታል። “ቶተንሃም ነው! ታወቀበት!” ተባለ። ጉዳዩን መርምረን የደረስንበት ውሳኔ፦ ጎሉ የቶተንሃም ነበር፣ አድቫንቴጁ ግን የእርሱ። ዳኛ በሥራው የሚደሰትባት ቅጽበት ያቺ አንዷ ናት። ፊሽካ ቢነፋ ኖሮ ጎሉ አይኖርም፤ ባለመንፋቱ የተገኘ ጎል ስለሆነ በነፃ ተሰናብቷል።

በየካቲት 2012 በሰሜን ለንደኑ ደርቢ ሉዊ ሳሃ ለቶተንሃም ሲያስቆጥርም እንደዚሁ እጁን ቆንጠር አድርጎ ደስ ያለው መስሎ ታይቷል። የአርሰናል ደጋፊ ያቺን ቁራጭ ቪዲዮ እስከ ዛሬ በስልኩ ይዞ ይዞራል። ጨዋታውን አርሰናል 5 ለ 2 ማሸነፉን ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

ደግሞም ሰውዬው ከእኛው ወገን ነው። የትራንሚር ሮቨርስ ደጋፊ ነው፤ በግንቦት 2019 ቡድኑ በአራተኛው እርከን የማለፊያ ግጥሚያ ፎረስት ግሪንን ጥሎ ወደ ዌምብሌይ ሲያልፍ ከደጋፊው መሀል ሆኖ ሲፈነጥዝ በካሜራ ተይዟል። የፕሪሚየር ሊጉን ሰማይ የነካ ደመወዝና ድምቀት አይቶ እዚያ ታች ሄዶ መዝለል ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ለቡድኑ ሲዘል የተገኘ ማንኛውም ዳኛ ደጋፊ ተብሎ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚደርሰው ስድብም በግማሽ ይቀነስለታል።

የወገቡን ጉዳይ በተመለከተ፦ ውሳኔው ትክክል እስከሆነ ድረስ ወገብ የግል ንብረት ነው።

አንቀጽ 5፦ የአርሰናል ደጋፊዎች ልዩ ሁኔታ

ለእነዚህ ወገኖች የተለየ ድንጋጌ አስፈልጓል፤ ሐዘናቸው የተለየ ነውና። በመስከረም 2015 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ዲን በዳኘው ጨዋታ የቼልሲው ዲዬጎ ኮስታ የአርሰናሉን ኮሽዬልኒን ፊቱን በእጁ ሲመታ፣ ገብርኤልን ሲተነኩስ ውሎ ገብርኤል በቀይ ወጣ፤ ኮስታ ቀረ። በኋላ የአርሰናሉ ካዞርላም ወጣ፤ ቼልሲ 2 ለ 0 አሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ የገብርኤል ቀይ ካርድ ተሰረዘ፣ ኮስታም የሦስት ጨዋታ ቅጣት ተጣለበት። በዚያው ሰሞን “ማይክ ዲን አርሰናልን አይዳኝ” የሚለው አቤቱታ ከ100,000 በላይ ፊርማ ሰበሰበ።

እዚህ ላይ ደጋፊው እውነት አለው። ሆኖም አቤቱታው የተጻፈው በጉራው ነው ወይስ በስህተቱ? የፈረሙትን በያሉበት ብንጠይቅ ግማሹ “እንዲያው ሳየው ያናድደኛል” ይላል። ሲያዩት ማናደድ በዚህ አዋጅ መሠረት ጥፋት አይደለም። በመሆኑም የአርሰናል ደጋፊ በስህተት ላይ አቤት ማለት ይችላል፤ በአካሄድ፣ በፀጉርና በፈገግታ ላይ ግን አቤቱታው ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 6፦ ስለ አባቶቻችን ችሎት

“እኛ ጋ ዳኛ እንዲህ አይሆንም” ለሚሉ። ልክ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት ትርዒቱ የተሟጋቹ ነበር፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየሰበቀ፣ በግጥም እያዋዛ ባላጋራውን ያፋጥጥ ነበር፤ መንገደኛው ገበያውን ትቶ ቆሞ ያይ ነበር። ዳኛው ጭጭ ብሎ ሰምቶ ይፈርዳል። የእኛ ዘመን ተሟጋች ግን ግጥም አያውቅም። ቁርጭምጭሚቱን ተነክቶ ፊቱን ይዞ ይንከባለላል፤ አምስት ሆነው ዳኛውን ከበው አንድ ቃል ይደጋግማሉ። ተሟጋቹ ጥበቡን ከጣለው ትርዒቱን ዳኛው ቢያነሳው ምን ይገርማል!

አንቀጽ 7፦ የተከለከለ ጉራ

በጥር 2018 ቶኒ ሻፕሮን የተባለውን የፈረንሳይ ዳኛ ናንት ከፓሪስ ሲጫወቱ የናንቱ ዲዬጎ ካርሎስ ሳያስበው ገጭቶ ጣለው። ሻፕሮን ከመሬት ሆኖ ተጫዋቹን በእግሩ ለመጥለፍ ሞከረ፤ ተነሥቶም ሁለተኛ ቢጫ አሳይቶ በቀይ አስወጣው። ይህ በሁሉም ድምፅ ተወግዟል። የሳቁም ተመዝግበዋል።

የሚመሰገነው የፒየርሉዊጂ ኮሊና ጉራ ነው፤ ፀጉር የሌለው ራስ፣ ከጉድጓድ የሚያይ የመሰለ ዐይን። ማልያ የለበሰ ስምንት ሰው ሲከበው ዐይኑን ብቻ ያፈጥጥባቸዋል፣ ይበተናሉ። የ1999ኙን የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜና የ2002ቱን የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ዳኝቷል። በ1999 ማንችስተር ዩናይትድ በጭማሪ ሰዓት ሁለት ሲያገባ መሬት የወደቁትን የባየርን ተጫዋቾች እየዞረ “ተነሱ” ይል የነበረውም እርሱ ነው። ያ ዐይን ያን ማታ ሌላ ሥራ ነበረው።

አንቀጽ 8፦ የሀገር ልጅ

ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ፣ ሊዲያ ታፈሰ ደግሞ ለ2015ቱና ለ2019ኙ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች መሀል ነበሩ። በእነርሱ ጊዜ ኳሱ በአንድ ወገን እየሄደ ዐይናችን ዳኛው ላይ እንደሚቀር አምነናል። እነርሱ የሰጡት ካርድ ሁሉ ትክክል ነው፤ ያልሰጡትም እንደዚሁ። ይህ አድልዎ ነው የሚል ወገን መብቱ ነው፣ አይሰማም።

አንቀጽ 9፦ ስለ ቫር ክፍል

ይህ የአዋጁ እምብርት ነው፤ በዚህ ሰዓት ሻይ አይታዘዝ።

ማይክ ዲን ሜዳውን ለቆ በ2022 ወደ ቫር፣ ማለትም ወደ ቪዲዮ ዳኝነት ክፍል ገባ። ወገብ የለ፣ ክንድ የለ፣ ሕዝብ የለ፤ ስክሪንና ወንበር ብቻ። በነሐሴ ወር ቼልሲና ቶተንሃም 2 ለ 2 ሲለያዩ የቶተንሃሙ ክርስቲያን ሮሜሮ የቼልሲውን የማርክ ኩኩሬያን ፀጉር ይዞ ጎተተ፣ ዲንም አየ፣ ዝም አለ። ከዚያ ሃሪ ኬን በጭማሪ ሰዓት አቻ አደረገ። ዲን ራሱ ከዓመት በኋላ እንደተናገረው የሜዳውን ዳኛ አንቶኒ ቴይለርን ወደ ስክሪን መጥራት አልፈለገም፤ ወዳጁ ስለሆነ፣ በዚያ ትኩስ ጨዋታ ላይ ሌላ ጣጣ ሊጨምርበት ስላልወደደ።

ሃያ ሁለት ዓመት “ራሱን ለማሳየት ይሠራል” ብለን የከሰስነው ሰው፣ ይህን የሠራው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ሜዳ ላይ እየታየ ሲሳሳት ቢያንስ ስህተቱን በእጁ አንጠልጥሎ ያሳየን ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ለወዳጅ የተደረገ ውለታ ሆነ፣ በነጋታው የማይሰረዝ፣ ይግባኝ የሌለው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ የምንፈራው የሚደንሰውን ዳኛ ሳይሆን የማይታየውን ነው። ዲን ያን ቀን ሜዳ ላይ ቢሆን ሮሜሮን ፊቱን አዙሮ፣ ሳያየው፣ ቀይ ያሳየው እንደነበር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የቶተንሃም ደጋፊዎች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

አንቀጽ 10፦ የስድብ ወሰን

በየካቲት 2021 ዲን ያን ቤድናሬክን፣ ቀጥሎም ቶማሽ ሱቼክን በቀይ ካርድ ካስወጣ በኋላ (ሁለቱም ካርዶች ተሰርዘዋል) በእርሱና በቤተሰቡ ላይ የግድያ ዛቻ መጣ፤ በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻም በራሱ ጥያቄ የሊግ ጨዋታ ሳይዳኝ ቀረ። በዚህ አንቀጽ ላይ ቀልድ አልተፈቀደም። ዳኛውን “ዕውር” ማለት የኳስ ቤት ነባር መብት ነው፤ “ሌባ” ማለትም በጨዋታው ሰዓት ይታለፋል። ቤቱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን ያነሣ ግን ከአግዳሚው ይነሣ፤ የከፈለው አይመለስለትም።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከታወጀበት ቅዳሜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም፤ ማይክ ዲን በግንቦት 22 ቀን 2022 ቼልሲና ዋትፎርድን ዳኝቶ ሜዳውን ስለለቀቀ የቀድሞ ክሶች በሙሉ ተዘግተዋል። የአርሰናል ደጋፊዎች ጉዳዩ እንደገና ይከፈትልን ብለው ያቀረቡት ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል።